መጀመሪያ ደህናውን እግር

ጥቅምት 3

ለተወደድሽው የልጅ ልጄ፣ ለቁንጫዬ፣

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ከባድ መግለጫ አለኝና ተቀምጠሽ አንብቢው። ትናንት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የአየሩ ጠባይ መልካም በነበረበት ወቅት፣ ለአሥራ አንድ ዓመታት በታማኝነት ያገለገለኝ የግራ እግሬ ካልሲ ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ እንደወጣ ቀርቷል። እናትሽ ነፋስ ነው ትላለች። እኔ የጎረቤታችንን የልብስ ሰፊዋን ድመት ጠርጥሬአለሁ፤ ከጠዋት ጀምሮ ዓይኔን ማየት ፈርታለች። የቀኝ እግሩ ካልሲ በደረሰበት ድንገተኛ ሐዘን ምክንያት ለጊዜው ቁም ሳጥን ውስጥ ብቻውን እንዲያርፍ ተደርጓል። በሩቅ ያላችሁ ዘመዶች እዚያው ባላችሁበት እርማችሁን አውጡ።

እኔ ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናት። «እንደምን አለች በልልኝ» ብላኛለች፤ ቀጥላም «ጃኬቷን ትልበስ» ብላለች። ይህችኛዋን እኔ አልጨመርኩም።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ እጅሽ ምንም አልሆነም። ሆስፒታል ውስጥ አስተማሪሽ ጅማቱ «ተበጥሷል» ያለችውን ጉልበት አንቺ «ደህና ነው» ብለሽ ስላለፍሽ እጅሽን ቆርጠሽ አትጣይው። እጅሽ ቸኩሎ ነው እንጂ ደንዝዞ አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት በኳስ ቡድን ወጌሻነት የሰው ጉልበት ሲጎትት የኖረ አያትሽ ነው የሚነግርሽ። ጉልበት እንደ አማት ነው፤ ገና ከበር ገብተሽ ከጎተትሽው ይቆጣል። የታመመው ሰው እጅሽ ሲመጣ ሲያይ ቋንጃው ይገተራል፤ የተገተረ ቋንጃ ደግሞ የተበጠሰውን ጅማት ሥራ ተክቶ ይሠራል። አንቺም «ጠንካራ ነው» ትያለሽ። የያዝሽው ግን ጅማቱን አይደለም፤ ፍርሃቱን ነው።

ስለዚህ ጉልበቱን ዘጠና ዲግሪ አጥፈሽ፣ እግሩ ላይ ተቀምጠሽ፣ እንደ ጠረጴዛ መሳቢያ የምትጎትቺውን ምርመራ ለትኩስ ጉዳት አትመኚው። እሱ ለቋንጃው ይመቻል። ይልቅ በጀርባው አስተኚው። ከጉልበቱ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ የገባ ያህል ብቻ እጠፊለት። በአንድ እጅሽ ጭኑን ከጉልበቱ ሎሚ በላይ ያዢ፤ በሌላው ቅልጥሙን ከሎሚው በታች። ከዚያ ወሬ አምጪ። የምን ወሬ? የካልሲ። ልክ ሲስቅ ወደ ላይ ሳቢው። ደህና ጅማት ገመዱ ጫፍ ላይ እንደደረሰ ውሻ ቀጥ ይላል። የተበጠሰው ግን ይመጣል፣ ይመጣል፣ ከዚያ እንደ እርጥብ ፎጣ ለስለስ ብሎ ይቀራል፤ የት እንደቆመም አይነግርሽም።

ደግሞ ሁልጊዜ መጀመሪያ ደህናውን እግር። በተፈጥሮው የላላ ሰው አለ፣ የጠበቀ ሰው አለ፤ የታመመውን የምትለኪው በራሱ በሰውየው ደህና እግር ነው። እጅሽንም አሙቂ። ቀዝቃዛ እጅ የነካው ማንም ሰው እውነቱን አይናገርም።

ደህና እግር ካነሳን አይቀር፣ አንድ የማውቀው ወጌሻ ነበር። ቀኝ ጉልበቱን የተመታ ተጫዋች መጣለት። ወጌሻው እንደ ደንቡ መጀመሪያ ግራውን ሳበ፤ ይመጣል። ቀኙን ሳበ፤ ይመጣል። አሰልጣኙ ከጀርባው ቆሞ «እህሳ?» ይላል። ወጌሻችን ጢሙን አሸት አሸት አድርጎ «ሁለቱም እኩል ናቸው፤ ተፈጥሮው ነው፤ እናቱ ላላ አድርጋ ነው የወለደችው» ብሎ ፈረደ። ለካስ ግራውም ቀደም ብሎ ተበጥሶ ኖሯል! ሁለት ውሸታሞችን አንዱን ለአንዱ ምስክር አድርጎ አሰናበታቸው። ስንስቅ ስንስቅ ሆዳችንን ይዘን ነው የተነሳነው። አንቺ ግን ተማሪበት፤ ደህናውን እግር ከማመንሽ በፊት የኋላ ታሪኩን ጠይቂ።

እኔ ከቡድኑ የወጣሁበትን ምክንያት በተመለከተ ወረቀቱ አልቋል። ጀርባውስ እንዳትይኝ፤ ጀርባው ላይ እናትሽ የሚገዛ ነገር ጽፋበታለች።

አያትሽ


ጥቅምት 19

ለቁንጫዬ፣

ሰላምታዬን እንደ ወትሮው ዘርዘር አድርጌ ላቀርብ ነበር፤ ዛሬ ግን ባጭሩ ተቀበዪኝ። ይቅርታ። እጄን ብርድ ነገር ይዞታል።

በካልሲው ስላጽናናሽኝ አመሰግናለሁ። በተነሳው ጉዳይ ደግሞ የዚያ ወጌሻ ስም ጠፋኝ። ወጌሻ ብዙ ነው፣ የላላ ጉልበትም ብዙ ነው። እናንተ ዘንድ ለሕክምና የሚመላለሰው ቁልፍ ቀራጭ ሁለቱም ጉልበቶቹ ልቅ መሆናቸው፣ በወጣትነቱም አንድ የቡድን ወጌሻ «ተፈጥሮህ ነው» ብሎት ነበር መባሉ የሚያስገርም አይደለም። በዓለም ላይ ስንቱ ሰው «ተፈጥሮህ ነው» ተብሏል! እኔን ራሴን እናትሽ በቀን ሁለት ጊዜ ትለኛለች።

ለማንኛውም የኔ ወጌሻ ሞቷል። የቀበርኩትም እኔው ነኝ። ብዙ ሰው አልወጣለትም።

የፈተናሽን ውጤት ስሰማ ከወንበሬ ብድግ ብዬ ነበር፤ ወገቤ ወዲያው መልሶ አስቀመጠኝ። አስተማሪሽ እጅሽን ማድነቋ ተገቢ ነው። ስለ እጅሽ አመጣጥ ግን ብዙ ባታወሪ ይሻላል። ጉራ ለጤና አይበጅም።

እናትሽ አሁን «ምን ሆነህ ነው ምሳህን ያልበላኸው?» እያለች ቆማብኛለች። ምንም አልሆንኩም። ምግቡ ጨው በዝቶበት ነው። ጨው አልበዛበትም።

ይልቅ ሰውየው፣ ለሙያ ያህል ነው የምጠይቅሽ፣ ደረጃ ሲወርድ እንዴት ነው? ቅጽል ስምስ ነበረው? ኳስ ተጫዋች ቅጽል ስም አያጣም። መልሱ ምንም አያስቸኩልም። ዛሬውኑ ጻፊልኝ።

አያትሽ


ጥቅምት 27

ለአባባ፣

እንደምን ከረሙ? ብርዱ ተወዎት? እኔ ደህና ነኝ። ጃኬቴን ለብሻለሁ፤ ለእማዬ ይንገሩልኝ።

ደረጃ የሚወርደው ወደ ኋላ ነው። ፊቱን ወደ ደረጃው መልሶ፣ መደገፊያውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ መሰላል እንደሚወርድ ሰው። ከክፍላችን እስከ ግቢው አሥራ አራት ደረጃ አለ። ሰው ከኋላው ሲመጣ «እለፉ፣ እለፉ፣ እኔ ሕንፃው እንዳይከተለኝ እየጠበቅሁት ነው» ይላል። ሁሉም ይስቃል። እኔም ስቄ ነበር።

ቅጽል ስሙ ፌንጣ ነበር። አሁን ማንም በዚያ ስም እንደማይጠራው ነገረኝ። ሲናገረው እንኳ ጉልበቱን በእጁ ሸፈን አደረገ።

የመረመርኩት በርስዎ ዘዴ ነው። መጀመሪያ ደህና ያለኝን ግራውን፣ ወሬ እያወራሁ። መጣ። ከዚያ ቀኙን። መጣ። አስተማሪዬ «ይህን አያያዝ ማን አሳየሽ?» አለችኝ። ጉራ ለጤና አይበጅም ያሉኝን ረስቼ «አያቴ» አልኳት። ይሄኔ ፌንጣ ከአልጋው ቀና አለ። «እኔን ያየኝ ወጌሻም እንዲህ ነበር የሚይዘው» አለ። «መዳፉን ሦስት ጊዜ ያሽና እፍ ይልበታል። ራጁ ነበር የምንለው።»

አባባ፣ እርስዎ መዳፍዎን ሦስት ጊዜ አሽተው ነው እፍ የሚሉበት። እማዬም ስትናደድ «ራጁ» ትልዎታለች። እኔ እስከ ዛሬ ዓይንዎ ስለሚወጋ ይመስለኝ ነበር።

ሳልጠይቀው ደግሞ እንዲህ አለኝ፦ «ክፉ ሰው እንዳይመስልሽ። ተሳሳተ። ሰው ይሳሳታል።»

የቀበሩት ሰው ማን ነው?

ቁንጫዎ


ኅዳር 5

ለቁንጫዬ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰባት ቀኑ ነው። ስድስቱን ቀን መነጽሬ ጠፋ እያልኩ አሳለፍኩ። በሰባተኛው ቀን እናትሽ ከግንባሬ ላይ አንስታ ሰጠችኝ።

አዎ። እኔ ነኝ።

ራጁ ያሉኝ ያኔ ራጅ ማንሻው ሩቅ ስለነበር ነው። ተጫዋች ሲወድቅ «ራጁን ጥሩት» ይባላል፤ እኔ ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ቀብረር እያልኩ እገባለሁ። ራጅ አጥንት እንጂ ጅማት እንደማያሳይ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። ስም አውጪዎች አንዳንዴ ሳያውቁት ልክ ይመታሉ።

ዕለቱ ዓርብ ነበር። እሑድ የዋንጫ ጨዋታ አለ። የልብስ መቀየሪያው ክፍል መስኮቱ የተሰነጠቀ፣ እርጥብ ጫማ እርጥብ ጫማ የሚሸት፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ያለበት ነበር። ፌንጣ አግዳሚው ላይ ተጋድሞ ጣሪያውን ያያል። አሰልጣኙ ከኋላዬ ቆሞ ኪሱ ውስጥ ያሉትን ቁልፎች ያንቋቋል። ግራውን ሳብኩ፣ ቀኙን ሳብኩ፣ የነገርኩሽን ፍርድ ፈረድኩ። ስለ እናቱ ያልኩትንም አልኩ። ፌንጣ ራሱ ሳቀ። እሑድ ገባ። በሠላሳ አምስተኛው ደቂቃ ማንም ሳይነካው፣ ኳሷን ይዞ በቀኝ እግሩ ላይ ዘወር ሲል፣ ድምፁን ከሜዳው ጠርዝ ላይ ሆኜ ሰማሁት። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ። ከዚያ ወዲያ ኳስ አልነካም። ዕድሜው ሃያ ሁለት ነበር።

እንግዲህ ግራው ነው ያታለለኝ። መሳሳት ያለ ነው። እንደ ቀልድ አድርጌ ላንቺ ማውራቴ ግን ነውር ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ወጌሻውን ገድዬ የቀበርኩት አንቺ እንዳታፍሪብኝ ብዬ ነው። ያንን ቀልድ ስንት ዓመት እንዳወራሁት ብነግርሽ ጨርሶ አታናግሪኝም። በሠርግ ላይ ሁሉ አውርቼዋለሁ።

ሰላም በይልኝ። አይ፣ ተይው። አትበይልኝ።

አያትሽ


ኅዳር 21

ልጄ፣

ዛሬ ቁንጫዬ ብሎ ለመጀመር ድፍረት አጣሁ።

ደብዳቤሽን እናትሽ ናት ጮክ ብላ ያነበበችልኝ። ፌንጣ ሰላምታውን መላኩን፣ «ለራጁ ንገሪያቸው፣ ድሮ ይቅር ብያለሁ» ማለቱን ስታነብ ወረቀቱን ጭኗ ላይ አሳረፈች። «አየህ አባዬ፣ ይቅር ብሎሃል» ብላ አለቀሰች። እኔ ሽንኩርት ልላጥላት ብዬ ወደ ማድ ቤት ሄድኩ። ማድ ቤት ሽንኩርት አልነበረም።

ይቅርታው የኔ አይደለም፣ ልጄ። አድራሻ ተሳስቶ እኔ በር ላይ የተጣለ ዕቃ ነው። ፌንጣ ይቅር ያለው የተሳሳተውን ሰው ነው። እኔ አልተሳሳትኩም።

ላስረዳሽ። ቡድኑ ሲቀበለው የመረመርኩት እኔ ነኝ። ሃያ ዓመቱ ነበር፤ ፈርቶ ቋንጃው ድንጋይ ሆኗል። እኔም ቸኩያለሁ። ግራውን አንዴ ሳብ አድርጌ «ደህና» ብዬ ፈረምኩ። ይህኛው ስህተት ነው፤ ለዚህኛው ይቅርታውን እቀበላለሁ። ከስምንት ወር በኋላ ግን አንድ ቀን ከልምምድ መልስ ሳሸው፣ አግዳሚው ላይ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው። የተኛ ሰው ቋንጃ አይዋሽም። ግራ እግሩን ፎጣው ላይ ላሳርፍ ሳነሳው ቅልጥሙ ከጭኑ ሥር ሸርተት አለ። ደግሜ ሳብኩት። መጣ። ሦስተኛ ጊዜ አልደፈርኩም። ሲነቃ «እንዴት ነው እግሬ፣ ጋሼ?» አለኝ። «እንደ ስምህ ነው» አልኩት። ደስ ብሎት ጫማውን አጠለቀ።

ለምን ዝም እንዳልኩ ታውቂያለሽ? ፊርማዬ ነበረበት። «የራጁ እጅ አይስትም» ይባል ነበር፤ እኔም አምኜው ነበር። ልጁ ደግሞ ይሮጣል፣ ጎል ያገባል፤ ጭኑ ብርቱ ስለሆነ ጉልበቱን ተሸክሞለታል። ካልተነካ ምን አገባኝ አልኩ።

እና ያ ዓርብ ሲመጣ፣ ቀኙን ከግራው ጋር ሳስተያየው ግራው መበጠሱን እያወቅሁ ነው። ቀኙ ተበጥሷል ብል ሆስፒታል ይወስዱታል። እዚያ ግራውንም ያያሉ። «ይህን ማን አሳለፈው?» ይላሉ። ሁለቱም እኩል ናቸው ስል ልቤ ምቱን እንኳ አላዛነፈም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ቀልዱን የጨመርኩት አሰልጣኙ ስቆ ቶሎ እንዲወጣልኝ ነው። ስቆ ወጣ።

ስለዚህ ያን ቀልድ ሳወራው የኖርኩት ስህተት ለማስመሰል ነው። ደጋግሜ ስለው ሌላ ሰው ላይ የደረሰ እየመሰለኝ መጣ።

ከቡድኑ ማንም አላባረረኝም። ይልቅስ አጽናኑኝ። «ራጁ ያላየውን ማን ያይ ነበር?» አሉኝ። እሱ ነው ያቃተኝ። ሰኞ ዕለት ፎጣዎቼን አጥፌ ወጣሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኔ እውነት ሃያ ስድስት ዓመት አድራ ነው አንቺ ላይ የነጋችው።

ይህን ደብዳቤ እናትሽ አላየችውም። ለፌንጣም አትንገሪው። ለሱ አዝኜ እንዳይመስልሽ። ለራሴ ነው።

አያትሽ


ታኅሣሥ 2

ለአያቴ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል።

አልነገርኩትም። ለርስዎ ብዬ ግን አይደለም፤ ቃሉ የኔ ስላልሆነ ነው።

አሁን ያለው ነገር ይህ ነው። የአጥንት ሐኪሙ ለፌንጣ ቀዶ ሕክምና ሊያደርግለት ወስኗል፤ መጀመሪያ ግራውን። ቀኙን ካስቀደሙ ወራት ሙሉ በክራንች የሚቆመው በተበጠሰው ግራ እግሩ ነው፤ ግራው ደግሞ ክብደቱን ሁሉ ሲችል ኖሮ ከቀኙ ይበልጥ ስላለቀ አይሸከመውም። ፌንጣ ግን እንቢ አለ። «ግራው ተፈጥሮዬ ነው፤ ደህና እግሬን አላስነካም፤ የታመመውን ቀኙን ሥሩልኝ» አለ። ሐኪሙ አስረዳው። አስተማሪዬ አስረዳችው። እኔም በእጄ ሳብኩና አሳየሁት። «ራጁ አይቶታል፤ በቀኙ ተሳሳተ እንጂ ግራዬንስ ደህና ነው ብሏል» አለን። የፈቃድ ወረቀቱን ሳይፈርም አሥራ አራቱን ደረጃ ወደ ኋላ ወርዶ ሄደ።

ሐኪሙን አያምንም፣ አባባ። የሚያምነው እርስዎን ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ክብደቱን የጣለው ደህና ነው ባሉት እግር ላይ ነው።

የመጨረሻ ቀጠሮው ታኅሣሥ 15 ነው። በዚያን ቀን ካልፈረመ ተራው ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ መቼ እንደሚመለስ ማንም አያውቅም። የቁልፍ መቅረጫ ሱቁ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ ከጫማ ጠጋኞቹ ቀጥሎ ነው። በደብዳቤ አይሁን።

ስለ እፍረት ላነሱት፣ አዎ፣ አፍሬያለሁ። አስተማሪዬ ፊት «አያቴ» ያልኩበትን ደቂቃ እያስታወስኩ በየኮሪደሩ ፊቴ ይቀላል። ከዚህ በላይ አሁን መጻፍ አልችልም።

ብርድ ነው እዚህ። ጃኬት ይያዙ።

የልጅ ልጅዎ


ታኅሣሥ 13

ለልጅ ልጄ፣

እዚያ ድረስ መጥቼ ሳላይሽ በመመለሴ ይቅር በይኝ። በሆስፒታሉ በር አልፌአለሁ። ቀና ብዬ መስኮቶቹን አየሁ፤ ከየትኛው ጀርባ እንዳለሽ ስለማላውቅ ለሁሉም አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። ዘበኛው የጠፋብኝ ነገር ያለ መስሎት «አባት፣ ምን ልርዳዎት?» አለኝ። ጃኬት ለብሼ ነበር።

ለእናትሽ ከመነሳቴ በፊት ሁሉንም ነገርኳት። ለመንገድ የሚሆነኝን ቋጠረችልኝ፤ ራጁ እንኳ አላለችኝም።

ሱቁ የቁም ሳጥን ያህል ናት። ግድግዳዋ ከላይ እስከ ታች የተንጠለጠለ ቁልፍ ነው። ፌንጣ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማሽኑን ያስጮሃል። ፀጉሩ ሸብቷል። አንገቱ ግን ያው የድሮው ረጅም አንገት ነው።

«ቁልፍ ነው?» አለኝ ቀና ሳይል።

«ጉልበት ነው» አልኩት።

ማሽኑን አጠፋው። «ጋሽ ራጁ! አርጅተዋል እኮ!»

«አንተም ወፍረሃል።»

«ምን ላድርግ፣ ተቀምጬ እየዋልኩ። ልጅቷ፣ የልጅ ልጅዎ፣ እጇ ቁርጥ የርስዎ እጅ ነው።»

«አይሁንባት» አልኩት።

ሳቀ። ቀልድ መሰለው። ሰው ሲስቅልኝ ምን እንደምሆን ታውቂያለሽ፤ ሌላ ቀልድ ምላሴ ላይ መጣ፤ ዋጥኩት። ሁለተኛም መጣ፤ እሱንም ዋጥኩት። በርጩማ ጎትቶ አስቀመጠኝ። አንዲት ሴትዮ የበሯን ቁልፍ እየጠበቀች ስለነበር «እሷን ሸኛትና ልንገርህ» አልኩት። «ይንገሩኝ እንጂ፣ በጆሮዬ አይደለም የምቀርጸው» አለ። እሷ በራፉ ላይ ቆማ፣ እሱ ቁልፏን በሞረድ እየሞረደ ነገርኩት። ስፈርም የሆነውን ነገርኩት። ተኝቶ ሳለ ያወቅሁትን ነገርኩት። ዓርቡ ላይ ስደርስ ሞረዱ ቆመ።

«ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ዓርብ ዕለት?»

«ዓርብ ዕለት።»

ሴትዮዋ «እኔ ቆይቼ እመለሳለሁ» ብላ ሄደች። ሄዳ ባትርቅ ደስ ባለኝ።

ከውጭ አውቶቡስ ሲያጓራ ይሰማል። ከዚያ የግራ ሱሪውን እስከ ጭኑ ጠቀለለና እግሩን የመሣሪያ ሳጥኑ ላይ ዘረጋው። «ይያዙት» አለ። እኔ እንደ ልማዴ መዳፌን ላሽ ስል «አያሙቁት» አለኝ። «እንዲሁ ይያዙት።»

በቀዝቃዛ እጄ ያዝኩት። ጭኑ ሟሙቷል። ቋንጃው አልተገተረም፤ የሚፈራው ነገር ያለቀ ይመስል ነበር። ሳብኩት። መጣ። እንዳንቺው ዓይነት ተማሪ እንኳ አይስተውም።

«እህሳ?» አለኝ፤ ልክ እንደዚያ አሰልጣኝ።

«ተበጥሷል። ቡድኑ ውስጥ ስትገባ ተበጥሶ ነው የመጣኸው።»

«ተፈጥሮዬ አይደለም?»

«አይደለም። እናትህ ደህና አድርጋ ነው የወለደችህ።»

እዚህ ላይ ፊቱን ወደ ቁልፎቹ መለሰ። እናቱ ከሞተች ቆይታለች አለኝ። እግሩን ያየች ቁጥር «እኔ ነኝ እንዲህ አድርጌ የወለድኩህ» ትል ነበር አለኝ። ልጄ፣ እኔ ስለዚህ ጉዳይ ሃያ ስድስት ዓመት ሳስብ ስለዚያች ሴት አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። እኔ ለማሳቅ ያልኩትን እሷ ይዛው መቃብር ወረደች። ከዚህ በኋላ የተነገረውን ሁሉ በግማሽ ጆሮዬ ነው የሰማሁት።

ወረቀት ሰጠኝና «ይጻፉት፤ ይፈርሙበት» አለ። ግራ ጉልበቱ ከሃያ ስምንት ዓመት ባላነሰ ጊዜ በፊት መበጠሱን፣ መርማሪው አውቆ መደበቁን ጻፍኩ። «አውቆ» የምትለዋን ቃል በጣቱ ነካት፤ እንዳለች ትቆይ እንደሆነ ማየቱ ነው መሰለኝ። ፈረምኩ። አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተታት። «አሥራ አምስት እሄዳለሁ፤ ግራውን ያስቀድሙት» አለኝ። ይህን ለሐኪሙ ልትነግሪው ትችያለሽ። ስለ ይቅርታ አልተነሳም። እኔ አላነሳሁትም፤ እሱም አላነሳውም።

ከዚያ ሱቁን ሊዘጋ ተነሳ። እኔ ከጎኑ ነበርኩ። ሲነሳ ትከሻዬን ተደገፈ።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ አሽጌ፣ ቴምብር ለጥፌበት ነበር። አሁን ቀድጄ ከፍቼዋለሁ። ጉዳዩ ይህ ነው፤ ከላይ ከጻፍኩት ውስጥ አንድ የጨመርኩት ነገር አለ። ሌላው ሁሉ እንደሆነው ነው፤ ሴትዮዋም፣ ሞረዱም፣ ቀዝቃዛው እጄም። ትከሻዬን ግን አልተደገፈም። ግድግዳውን ነው የያዘው። የተንጠለጠሉት ቁልፎች ሁሉ ተንሿሹ።

ትከሻዬ ከግድግዳው ይቀርበው ነበር።

አያትሽ